ኮንራድ ዙሴ፤ አንዱን መኪና ሁለት ጊዜ የሠራው መሐንዲስ

በበርሊን ከተማ በሚገኘው የጀርመን የቴክኒክ ሙዚየም ውስጥ፤ በብዙ ሺሕ ከሚቈጠሩ ስስ የብረት ቅጠሎች የተገጣጠመ አንድ ትልቅ የሒሳብ መኪና ይገኛል። ይህ መኪና ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ ሲሆን፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ከነንድፉ ጠፋ። ሁለተኛው ደግሞ ከ1986 እስከ 1989 ተሠራ። የሚያስደንቀው ሁለቱንም የሠራው ያው አንድ ሰው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ሲጀምር የ26 ዓመት ጐልማሳ፤ ሁለተኛውን ሲጨርስ የ79 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ይህ ሰው ኮንራድ ዙሴ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

የዙሴን የሕይወት ታሪክ ለዛሬ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በአሁኑ ዘመን በብዙ አገሮች፤ ቀን በሥራ ቦታቸው ውለው ማታ በቤታቸው ጥንታውያን ኮምፒዩተሮችን የሚጠግኑና እንደ ገና የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ይህን የሚያደርጉት ደመወዝ ስለሚያገኙበት አይደለም፤ ለሥራው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ነው። ዋና መሣሪያቸውም ከፋብሪካ ሲወጣ ተግባሩ ያልተወሰነለት፤ ገዢው ራሱ በኋላ የሚፈልገውን ሎጂክ የሚጽፍበት ቺፕ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩበትን አሳብ ዙሴ ገና ቺፕ የሚባል ነገር ሳይኖር በወላጆቹ ሳሎን ውስጥ በእጅ መጋዝ ሠርቶበታል። ስለዚህ የእርሱን ሕይወት ማወቅ የእነርሱንም ሥራ ለመረዳት ይጠቅማል።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ኮንራድ ዙሴ ጁን 22 ቀን 1910 በበርሊን ተወለደ። አባቱ የፖስታ ቤት ሹም ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከቦታ ወደ ቦታ መዛወሩ የተለመደ ነውና ቤተ ሰቡ መጀመሪያ ምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ብራውንስበርግ፤ ቀጥሎም ሆየርስቬርዳ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ዙሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1928 የጨረሰው በዚችው ከተማ ነው።

በልጅነቱ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይወድ ነበር፤ አንደኛው ሥዕል መሣል፤ ሁለተኛው ከብረት ቍርጥራጮች ልዩ ልዩ መጫወቻ መኪናዎችን መገጣጠም ነው። እነዚህ ሁለት ፍቅሮች እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አልተለዩትም። በበርሊን ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ መጀመሪያ የመኪና ምሕንድስና ሞከረ፤ ከዚያ ወደ ሥነ ሕንፃ ተዛወረ፤ በመጨረሻም ሲቪል ምሕንድስናን መርጦ በ1935 ትምህርቱን ፈጸመ። ዛሬ አንዳንድ ተማሪዎች የጥናት ክፍላቸውን ሲለውጡ እንደ ትልቅ ውድቀት የሚቈጥሩት አሉ። ዙሴ ግን የሚስማማውን እስኪያገኝ ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱ አልጐዳውም።

የሲቪል መሐንዲስ ትምህርት ሒሳብ የበዛበት ነው። አንድ ድልድይ ወይም አንድ ጣራ የሚሸከመውን ክብደት ለማወቅ፤ ብዙ ያልታወቁ ቍጥሮች ያሉባቸውን እኩሌታዎች በየተራ መፍታት ያስፈልጋል። ዙሴ ተማሪ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። የሒሳቡ መንገድ አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ፤ የሚሠራው ሰው የሚያደርገው አንዱን ቍጥር ከወረቀቱ አንብቦ ከሌላው ጋር ማባዛት፤ ውጤቱን በሌላ ዐምድ መጻፍ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን መሥመር መያዝ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው አያስብም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ። የታዘዘውን ብቻ መፈጸም ደግሞ ለመኪና የሚገባ ሥራ ነው።

ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በርሊን አጠገብ በሺነፌልድ በሚገኘው የሄንሼል የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያም የተሰጠው ሥራ ያው አሰልቺ ሒሳብ ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንኳ ሳይቈይ በ1936 ሥራውን ለቀቀ። ለወላጆቹም ሒሳብ የሚሠራ መኪና ለመሥራት መወሰኑንና ለዚሁም ሳሎናቸው እንደሚያስፈልገው ነገራቸው።

በሳሎን ውስጥ የተሠራው መኪና

ጥሩ ደመወዝ ያለው ወጣት መሐንዲስ ሥራውን ጥሎ ቤት ሲገባ ወላጆች ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። የዙሴ ወላጆች ባለጠጎች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ልጃቸውን አልከለከሉትም፤ ሳሎናቸውን ለቀቁለት፤ ከገንዘባቸውም ሰጡት። እኅቱም ረዳችው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ገንዘብ ያለው ገንዘብ እያዋጣ፤ ገንዘብ የሌለው እየመጣ በጉልበቱ እየሠራ አገዙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ምሳሌ የተፈጸመው በክሮይትስበርግ ሰፈር በአንድ ሳሎን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ዙሴ የኤሌክትሪክ ትምህርት አልነበረውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መኪና የሠራው ከብረት ቅጠል ነው። ጓደኞቹ ስሱን ብረት በቀጭን የእጅ መጋዝ በንድፉ ልክ እየቈረጡ፤ 30,000 የሚያህሉ ክፍሎች አዘጋጁ። መኪናው የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ደግሞ በ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም ላይ በቀዳዳ ይጻፉ ነበር። ፊልሙ እየተሳበ ባለፈ ቍጥር መኪናው ቀዳዳዎቹን አንብቦ የታዘዘውን ይሠራል። በማስታወሻ ክፍሉ 64 ቍጥሮችን ለመያዝ ይችል ነበር። ይህ መኪና በኋላ ዜድ 1 ተባለ።

የመኪናው ትልቁ ብልኀት ግን ያለው በቍጥር አጻጻፉ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት የሒሳብ መኪናዎች ከ0 እስከ 9 ያሉትን ዐሥር አኃዞች የሚቈጥሩ ባለ ጥርስ መዘውሮች ነበሯቸው። ዙሴ ይህን ትቶ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን ሁለትዮሽ ቍጥር መረጠ። አንድ የብረት ቅጠል ወደ አንድ ወገን ሲገፋ 0፤ ወደ ሌላው ወገን ሲገፋ 1 ሆነ። ዐሥር ጥርስ ያለው መዘውር ለመሥራት ትክክለኛነት ያለው ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ቅጠል ግን በሳሎንም ሊሠራ ይችላል።

ከዚህም በላይ ዙሴ የተረዳው አንድ ሌላ ነገር አለ። የሒሳብ ሥራ ሁሉ ከሦስት ትንንሽ ጥያቄዎች ሊገነባ እንደሚችል አየ። ይህን ለማስረዳት ከመሥሪያ ቤት ሕይወት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ገንዘብ እንዲወጣ የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ አለ እንበል። ዋናው ሹምና ገንዘብ ያዡ ሁለቱም ካልፈረሙበት ገንዘቡ የማይወጣ ከሆነ፤ ይህ ‹‹እና›› ነው። ዋናው ሹም ወይም ምክትሉ ከሁለት አንዳቸው ቢፈርሙ የሚበቃ ከሆነ፤ ይህ ‹‹ወይም›› ነው። እግድ ካልተጻፈበት በቀር ይለፍ ከተባለ ደግሞ፤ ይህ ‹‹አይደለም›› ነው። እነዚህን ሦስቱን በብዛት በማቀጣጠል መደመር፤ መቀነስ፤ ማባዛትና ማካፈል ይቻላል። ዙሴ ይህን ደንብ በራሱ ጥረት ከደረሰበት በኋላ፤ የሎጂክ ሊቃውንት ከእርሱ ቀደም ብለው በጽሑፍ እንዳስቀመጡት ተረዳ። በዚያው ሰሞን ማለት በ1937 ደግሞ ክሎድ ሻነን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ተማሪ፤ በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት እንደሚቻል በመመረቂያ ጽሑፉ አሳይቷል። ሁለቱ ወጣቶች ግን አይተዋወቁም ነበር።

ከብረት ቅጠል ወደ ሪሌ

ዜድ 1 በ1938 ተፈጸመ፤ ነገር ግን በደንብ አልሠራም። በእጅ የተቈረጡት ቅጠሎች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ መኪናውን ያግዱት ነበር። በዚህ ጊዜ ሄልሙት ሽራየር የተባለ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚያውቅ ጓደኛው ምክር ሰጠው። ምክሩም ቅጠሉን ትቶ፤ በዚያን ጊዜ በራዲዮ ውስጥ ይገቡ የነበሩትን አምፑል መሰል የመስታወት ቱቦዎች እንዲጠቀም ነበር። ሁለቱም አሳቡን ቢወዱትም ብዙ ሺሕ ቱቦ ማግኘት ከዐቅማቸው በላይ ሆነ። ስለዚህ ዙሴ መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ይኸውም ሪሌ ነው። ሪሌ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሳብና የሚለቀቅ ትንሽ ማገናኛ ሲሆን፤ በስልክ ማእከሎች ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን በተለይ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ዙሴ ከቅጠል ወደ ሪሌ ሲሸጋገር አሳቡን ከሥር ጀምሮ መለወጥ አላስፈለገውም። በቅጠል የተሠራው ‹‹እና››፤ በሪሌ ሲሠራ ያው ‹‹እና›› ነው። በቱቦ ቢሠራም አይለወጥም። የቅኔ መምህሮቻችን ሰምና ወርቅ እንደሚሉት፤ ቁሱ ሰም፤ ሎጂኩ ወርቅ ነው። ሰሙ ቢቀልጥም ቢለወጥም፤ ወርቁን ያወቀ ሰው በሌላ ሰም ያፈስሰዋል።

ሁለተኛው መኪና፤ ዜድ 2፤ የዜድ 1ን የቅጠል ማስታወሻ ከሪሌ የሒሳብ ክፍል ጋር ያጣመረ ሲሆን፤ በ1940 ለጀርመን የአየር በረራ ምርምር ተቋም ሰዎች ታየ። ተቋሙም ለሚቀጥለው መኪና ገንዘብ ረዳው። ሦስተኛው መኪና፤ ዜድ 3፤ ሜይ 12 ቀን 1941 በበርሊን ለባለሙያዎች ቀረበ። ከ2,000 በላይ ሪሌዎች ነበሩት፤ አንድ መደመር ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ፤ አንድ ማባዛት ደግሞ በ3 ሰኮንድ ያህል ይሠራ ነበር። በፊልም ላይ በተጻፈ ትእዛዝ የሚመራና ያለ ሰው ርዳታ ሒሳቡን የሚፈጽም፤ በሚገባም የሠራ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ይህ እንደ ሆነ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

ጦርነቱና ዕዳው

የዙሴን ታሪክ ስንጽፍ መልካሙን ብቻ አንሥተን ሌላውን ብንደብቅ ለአንባቢዎቻችን ታማኞች አንሆንም። ዙሴ ይህን ሥራ የሠራው በናዚ መንግሥት ዘመን ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ለውትድርና ተጠራ፤ በኋላም ወደ ሄንሼል ፋብሪካ ተመለሰ። ፋብሪካው በዚያን ጊዜ ከአውሮፕላን ተለቆ በራዲዮ እየተመራ ወደ ዒላማው የሚበር ቦምብ ይሠራ ነበር። የቦምቡ ክንፍ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቂት መጣመም ስለማያጣው፤ እያንዳንዱን ለክቶ ማስተካከያውን ማስላት ያስፈልግ ነበር። ዙሴ ለዚህ ተግባር ብቻ የሚሆኑ ሁለት የሪሌ መኪናዎች ሠራ። እነዚያ መኪናዎች ያስተካከሉት ክንፍ ሰው የሚገድል መሣሪያ ክንፍ ነበር። በእርጅናው ዘመን ዙሴ ስለዚሁ ሲያነሣ፤ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ብዙ ጊዜ የሚያጠራጥር ሥራ ከመቀበልና ጭራሽ ሥራቸውን ከመተው አንዱን እንዲመርጡ የሚገደዱ መሆናቸውን ይናገር ነበር። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምርጫው ከባድ መሆኑ ምርጫ መሆኑን አያስቀረውም።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም በተለይ ማመልከቻ ለሚቀበሉ ሹማምንት ትምህርት ይሆናል። ሽራየር ወደ 2,000 የሚጠጉ ቱቦዎች ያሉት ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ለመሥራት የመንግሥትን ርዳታ ጠየቀ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል ስለ ተባለ፤ ከዚያ በፊት ጦርነቱ በድል ያልቃል ብለው የተማመኑት ባለሥልጣኖች ለጊዜው የማይጠቅም ነው ብለው ከለከሉት። አንድን አሳብ በዛሬው ጥቅሙ ብቻ የሚመዝን ሹም፤ የነገውን ነገር ሳያውቀው ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ይጥለዋል። እርግጥ ነው፤ ያ አሳብ በዚያ መንግሥት እጅ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ለዓለም ምን ያህል ይከፋ እንደ ነበር ስናስብ፤ የባለሥልጣኖቹ አለማስተዋል ለሌላው ሕዝብ ጠቀመ ማለት ይቻላል።

ዲሴምበር 21 ቀን 1943 በበርሊን ላይ በወረደው ቦምብ ዜድ 3 ጠፋ። በጃንዋሪ 1944 ደግሞ የወላጆቹ ቤት ተመትቶ ዜድ 1 ከነንድፉ ተቃጠለ። የቀረው በመሠራት ላይ የነበረው ዜድ 4 ብቻ ነበር። በ1945 መጀመሪያ ዙሴና ባልደረቦቹ መኪናውን ይዘው ከበርሊን ወደ ጌቲንገን ሸሹ። እዚያም መኪናው በሐርትስ ተራሮች ውስጥ ወዳለው የምድር ውስጥ ፋብሪካ እንዲዛወር ታዘዙ። ዙሴ ቦታውን ሄዶ ሲያይ፤ ከማጎሪያ ሰፈር የመጡ እስረኞች እጅግ በሚዘገንን ሁኔታ ሲሠሩ ተመለከተ። መኪናውን በዚያ ላለማስቀመጥ ወስነው፤ በብዙ ድካም ወደ ደቡብ ጀርመን ተራሮች ወስደው ሂንተርሽታይን በምትባል መንደር ሸሸጉት።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዙሴ በዚያች መንደር ሚስቱንና ሕፃን ልጁን የሚያኖረው ሥዕል እየሣለና ምስል እየቀረጸ በመሸጥ ነበር። በልጅነቱ የወደደው ጥበብ በችግሩ ቀን እንጀራ ሆነው። መኪናውን ለማንቀሳቀስ በማይችልበት በዚያ ጊዜ፤ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራውን ሥራ ቀጠለ። ፕላንካልኩል የተባለውን ቋንቋ አዘጋጀ፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ከፍተኛ ቋንቋ ነው። ይህ ሥራው በሙሉ የታተመው በ1972 ነው።

ዜድ 4 ግን ከተሸሸገበት ወጣ። በስዊስ አገር የዙሪክ ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የነበረው ኤድዋርድ ሽቲፈል መጥቶ አየው፤ ትምህርት ቤቱም ከ1950 ጀምሮ ተከራየው። እስከ 1955 ድረስ በዚያ ሲያገለግል ቈይቶ ወደ ፈረንሳይ ተዛወረ፤ በመጨረሻም ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ዐረፈ።

ዙሴ በ1949 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ እስከ 1967 ድረስ 251 ኮምፒዩተሮች ሠራ። ነገር ግን ታላቅ መሐንዲስ ሁሉ ታላቅ ነጋዴ አይሆንም። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ከእጁ ወጥቶ ወደ ሲመንስ ተላለፈ። በዚያው በ1967 ደግሞ ሌላ ኀዘን መጣበት። ስለ ዜድ 3 በ1941 ያቀረበውን የፈጠራ መብት ጥያቄ፤ የጀርመን የፈጠራ መብት ፍርድ ቤት ከ26 ዓመት በኋላ በቂ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። በርሊን ላይ ሲነድ ያልጠፋው ሥራ በወረቀት ላይ ተካደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዜድ 1

አንድ ሌላ ሰው ቢሆን ቀሪ ዕድሜውን በምሬት ይጨርሰው ነበር። ዙሴ ግን ወደ ሥዕሉ ተመለሰ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የክብር ዲግሪ ሰጡት። በ1986 ደግሞ የ76 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ዜድ 1ን እንደ ገና ለመሥራት ተነሣ። ንድፉ ተቃጥሏል፤ የቀረው በአእምሮው ውስጥ ያለው አሳብና ጥቂት ማስረጃ ነበር። እንደ ገና እየነደፈ፤ ከሦስት ረዳቶች ጋር በሺሕ የሚቈጠሩትን ቅጠሎች ገጣጠመ። በሥራው መካከል የልብ ሕመም ቢጥለውም ተነሥቶ ቀጠለ። ወጪው 800,000 ማርክ ነበር። በ1989 መኪናው ተፈጽሞ በበርሊን ሙዚየም ተተከለ። ሁለተኛውም መኪና እንደ ፊተኛው አልፎ አልፎ መታገድ አላጣውም፤ በዚህም እውነተኛ ቅጅ መሆኑን አስመሰከረ። ኮንራድ ዙሴ ዲሴምበር 18 ቀን 1995 በሂውንፌልድ ከተማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። በ2010፤ በተወለደ በ100 ዓመቱ፤ ልጁ ሆርስት ዙሴ ዜድ 3ን በአዲስ ሪሌዎች ሠርቶ አሳየ።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሣናቸው ወደ ዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ወዳጆች እንመለስ። ከ1980 ወዲህ በየቤቱ የገቡት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ዛሬ አርጅተዋል። ለምሳሌ በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር፤ ዋናው አንጐል የትኛውን የማስታወሻ ክፍል እንዲያይ የሚወስን አንድ ትንሽ ቺፕ በውስጡ አለው። ከላይ በተናገርነው ምሳሌ ይህ ቺፕ እንደ መዝገብ ቤት ሹም ነው፤ እነዚህ ፊርማዎች ካሉ ወደዚህ፤ እነዚያ ካሉ ወደዚያ ይለፍ ይላል። ቺፑ እጅግ ስለሚሞቅ በዘመን ብዛት ይበላሻል። እርሱ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይሞታል፤ ፋብሪካውም መሥራቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

የኮምፒዩተር ወዳጆች ያደረጉት ምንድን ነው? ቺፑ 16 መግቢያና 8 መውጫ አለው። በ16 መግቢያዎች ላይ ሊቀርቡ የሚችሉት የ0 እና የ1 አሰላለፎች 65,536 ናቸው። ደኅና የሆነ ቺፕ ፈልገው፤ እነዚህን አሰላለፎች ሁሉ በየተራ አቀረቡለትና የሚሰጠውን መልስ መዘገቡ። ከመዝገቡም የ‹‹እና››፤ የ‹‹ወይም›› እና የ‹‹አይደለም›› ደንቡን አወጡ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ደንብ ሎጂክ በሚጻፍበት አዲስ ቺፕ ላይ ጽፈው በአሮጌው ቦታ ተከሉት፤ የሞተውም ኮምፒዩተር ተነሣ።

ሎጂክ የሚጻፍባቸው ቺፖች በ1970ዎቹ ለገበያ የወጡ ሲሆኑ፤ ዛይሊንክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1985 ኤፍ ፒ ጂ ኤ የተባለውን የመጀመሪያውን ዐይነት አወጣ። ያ የመጀመሪያው ቺፕ 64 የሎጂክ ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ዛሬ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ክፍሎች ስላሉት፤ ከአንድ ቺፕ ብቻ ሳይሆን ከሙሉ ጥንታዊ ኮምፒዩተር ጋር የሚተካከል ሎጂክ ሊጻፍበት ይችላል። ሠሪው የኤሌክትሪክ ሽቦ አይቀጥልም፤ ግንኙነቱን ለዚሁ በተዘጋጀ ቋንቋ እንደ ድርሰት ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ያነበውና ቺፑን በዚያው መሠረት ያገናኘዋል። ዙሴ ቅጠል በመጋዝ በመቍረጥ ያደረገውን፤ እነዚህ ሰዎች በጽሕፈት ያደርጉታል።

ይሁን እንጂ ሰሙ ምንም ዋጋ የለውም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ከኮምፒዩተር ወዳጆቹ አንዳንዶቹ በኮሞዶሩ ቺፕ ፈንታ ተራ የማስታወሻ ቺፕ ተክለው ነበር። መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ፤ የሚመልስበት ጊዜ ከፊተኛው ስለ ተለየና በመካከሉም ለቅጽበት የተሳሳተ ምልክት ስለሚታይ፤ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ግራ ይጋባ ነበር። የዙሴም ቅጠሎች የታገዱት ሎጂኩ ስሕተት ስለ ነበረበት ሳይሆን ብረቱ ስለ ተያያዘ ነው። መልካም መሐንዲስ ማለት ሁለቱንም የሚያውቅ ነው፤ አሳቡ በትክክል መታሰቡን ያረጋግጣል፤ ቁሱም አሳቡን የሚሸከም መሆኑን ይመረምራል።

ከዚህ ሕይወት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሚያገኙት ትምህርት ጥቂት አይደለም። አንደኛው፤ ሥራ ለመጀመር የሁሉ ነገር መሟላት እንደማያስፈልግ ነው። ዙሴ የኤሌክትሪክ ትምህርትም ፋብሪካም አልነበረውም፤ ያለውን ብረት፤ ያለውን ሳሎንና ያሉትን ጓደኞች ይዞ ጀመረ። ሁለተኛው፤ ዕውቀትን በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑ ነው። የዜድ 1 ንድፍ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ በአንድ ሌሊት ጠፋ፤ የዳነውም ሠሪው እስከ እርጅና በሕይወት ስለ ቈየ ብቻ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ወዳጆቹ የጻፉትን ሎጂክ ለማንም ፈላጊ በነፃ የሚሰጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። አባቶቻችን አንዱን መጽሐፍ በብዙ ገዳም እየገለበጡ ማኖራቸው፤ አንዱ ብራና ቢቃጠል ቃሉ በሌላው እንዲገኝ ነበርና የዚሁ ጥበብ ወገን ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ግን ከሁሉ የሚከብድ ይመስለናል። ‹‹እና›› እና ‹‹ወይም›› የድልድይን ክብደትም፤ የቦምብን ክንፍም እኩል ያሰላሉ። መኪናው ስለ ምን እንደሚያሰላ አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቀው ሰው ነው። ዙሴ በሄንሼል ፋብሪካ ሳለ ሳይጠይቅ ሠራ፤ በሐርትስ ተራራ ሥር እስረኞቹን ባየ ጊዜ ግን ጠየቀ፤ መኪናውንም ይዞ ሄደ። ከእኛ ወጣቶች መካከል ነገ ትልልቅ መኪናዎችን የሚያዝዙ፤ ትልልቅ ማመልከቻዎችን የሚፈርሙ ይኖራሉ። ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ይህን ጥያቄ ይጠይቁ ዘንድ አደራ እንላለን።